ዳቦ ቤት ውስጥ ሽፍን መሸጥ ዳቦውን ይጎዳል ወይስ ደግፎ ያቆመዋል?

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። እኔና ባለቤቴ በሰፈራችን ዳቦ ቤት ከከፈትን ሦስት ዓመት አለፈን። እሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቶ ምድጃውን ያነድዳል፣ ያቦካል፣ ይጋግራል፤ አንድ ልጅ ያግዘዋል። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍቼ እሸጣለሁ። ምድጃችን በባሕር ዛፍ እንጨት የሚነድ የጡብ ምድጃ ነው። የኤሌክትሪክ መጋገሪያም ገዝተን ነበር፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሊጡ ከልኩ በላይ ኩፍ እያለ ሲወድቅብን ጊዜ ጥግ ይዞ ቀረ፤ አሁን የዱቄት ጆንያ ይደገፍበታል።

ካለፈው ዓመት ወዲህ እኔ ፓይ እሠራለሁ። ሙያውን ያገኘሁት አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ነው። የፉርኖ ዱቄት በዘይት ታሽቶ በመዳመጫ ይሳሳል፣ ምስር ወይም ድንችና ጎመን ይሞላል፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይታጠፋል፣ ጠርዙ በሹካ ይጫናል፣ ከዚያ ይጋገራል። በፍስክ ቀን የተፈጨ ሥጋ ያለበትም አለ። የሰፈሩ ሰው ፓይ የሚለውን ስም አልወደደውም። ሽፍን አለው፤ እኔም ተከተልኩ።

ጠቡ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ ሽፍኑ የዳቦውን ምድጃ ይሻማል፣ ዳቦ ቤት ዳቦ ይሽጥ ይላል። እኔ ደግሞ ዳቦ ደጁን ይከፍታል እንጂ ደጁን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ሽፍን ነው እላለሁ። ዱቄቱ ይጨምራል፣ እንጨቱ ይጨምራል፣ ከውጭ የሚገባው እርሾማ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አያያዙ ጠፍቶናል። ሽፍን ላይ ዋጋ ብጨምር ማንም አይናገረኝም። ዳቦ ላይ 1 ብር ብጨምር ግን ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወይም የነበራችሁ ፍረዱን።

ከላይ ያለው የመጀመሪያው ጽሑፌ ነው። ከዚያ በኋላ 31 መልስ ገባ። አወያዩ የውይይቱ ክር ስለረዘመ ለአዲስ አንባቢ በአጭሩ እንዳስቀምጠው ስለጠየቀኝ እነሆ በቁጥራቸው። የሰዎቹን ቃል አልገለብጥም፤ የተናደዱትን ግን እንደተናደዱ እተዋቸዋለሁ።

1ኛው ከቡሬ የጻፈ ሰው ነው። እታለሜ ብሎ ጠርቶኝ፣ ባልና ሚስት አንድ ምድጃ ፊት ሦስት ዓመት መዝለቃቸው ራሱ ትርፍ እንደሆነ ተናገረ፤ ከዚያ ምድጃው ስንት ትሪ እንደሚይዝና በቀን ስንት እንደምናቦካ ጠየቀ። 2ኛው የእኔ መልስ ነው፦ ስምንት ትሪ ይይዛል፣ በቀን አንድ ኩንታል ዱቄት እናቦካለን፣ ለበዓል ሁለት።

3ኛውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጸሐፊው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዕድሜያቸውን ዳቦ ሲጋግሩ የኖሩ አባት ናቸው። እንደ እርሳቸው አነጋገር የጡብ ምድጃ እንደ ኤሌክትሪኩ በአንድ ሙቀት አይቆምም። እሳቱ ከተጠረገ በኋላ የሚጋግረው ጡቡ የጠጣው ሙቀት ነው፤ እሱም በየሰዓቱ እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ ዳቦ ወይስ ሽፍን ብሎ መከራከር ምድጃውን አለማወቅ ነው፤ መጠየቅ ያለበት የትኛው መቼ ይግባ የሚለው ነው። ሙቀቱ ከ220 እስከ 230 ዲግሪ ሳለ ትንንሹ ዳቦ ይገባል፣ በሩብ ሰዓት ገደማ ይወጣል። ወደ 200 ሲወርድ ሽፍኑ ይገባል፤ መሙያው አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ የሚጠበቀው ሊጡ እስኪቀላ ብቻ ነው። ቀጥሎ ድፎው፤ እሱ ትልቅ ስለሆነ ለዘብ ያለ ሙቀትና ረጅም ሰዓት ይወድዳል፣ ችኩል ምድጃ ከላይ አጥቁሮ መሐሉን ሊጥ ያስቀርበታል። በመጨረሻ ትናንት ያልተሸጠው ዳቦ ተቆርጦ ገብቶ ይደርቃል፣ ለመንገደኛ ስንቅ ይሸጣል። ሽፍኑ የሚበላው ሙቀት ዳቦው ዋጋውን የከፈለበት ሙቀት ነው፤ ለእሱ ተብሎ አንድ ፍልጥ አይጨመርም። ይህን ሳነብ ስልኩን ይዤ ወደ ባለቤቴ ሮጥኩ። እሱ ግን ተኝቶ ነበር።

4ኛው እኚህን አባት አረማቸው። ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ዲግሪ መጥራት ምን ይጠቅማል ብሎ፣ የቤቱን ዘዴ ነገረን፦ አንድ ጭብጥ ዱቄት የምድጃው ወለል ላይ ይበተናል፤ ወዲያው ከጠቆረ ሙቀቱ በዝቷል፣ ረጋ ብሎ ቡናማ ከሆነ ለዳቦ ደርሷል፣ ነጭ ሆኖ ከቆየ ደግሞ የዳቦው ሰዓት አልፏል። 5ኛው የፍኖተ ሰላሙ አባት መልስ ነው። አልተቀየሙም። ዕድሜ ልካቸውን እንዲሁ ዱቄት ሲበትኑ እንደኖሩ፣ ዲግሪውን የጻፉት የተማረ ሰው ያነበዋል ብለው እንደሆነ አመኑ።

6ኛው የሽፍኑን ዋጋ ብቻ ጠይቆ ሄደ። 7ኛው የሊጥ ማቡኪያ ማሽን እሸጣለሁ የሚል ማስታወቂያ ነበር፤ አወያዩ አጠፋው።

8ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ሰላምታም አልሰጠም። ዳቦ ቤት ሌላ ነገር መሸጥ የጀመረ ቀን ከዳቦው ግራም መቁረጥ ይጀምራል፤ በዚሁ በእኛ ከተማ የገዛው ዳቦ ነፋስ ቢመጣ የሚበር ነበር፤ ርእሱም ከዳቦ ሰርቆ ሽፍን ማብላት መባል ነበረበት ብሎ ደመደመ። መልስ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። የተናደድኩት ሐሰት ስለተናገረ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በመጨረሻ ሳልደብቅ እንዲህ ጻፍኩ፦ ባለፈው ዓመት ሚዛን የሚቆጣጠሩ ሰዎች መጥተው ዳቦአችንን ሲመዝኑ ከ100 ግራም በታች ሆኖ ተገኘና ተጽፎ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። ባለቤቴ ሊጡን በ110 ግራም ነበር የሚቆርጠው፤ 10 ግራም ለምድጃው በቂ ስጦታ ይመስለው ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

9ኛው ይህን ከጻፍኩ በኋላ መጣ፤ በሒሳብ። ትንሽ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ከክብደቱ ከ12 እስከ 15 በመቶ ውኃ ይጥላል፤ ትንሽ በመሆኑ ለሙቀት የሚጋለጠው ገጹ ስለሚበዛ ከትልቁ ድፎ ይልቅ ይደርቃል። 110 ግራም ሊጥ እንግዲህ 97 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ይወጣል። 100 ግራም ዳቦ ለማግኘት ከ114 እስከ 118 ግራም ሊጥ መቁረጥ ያስፈልጋል። አንድ ኩንታል ዱቄት 56 ሊትር ያህል ውኃ ቢጠጣ፣ ከጨውና ከእርሾው ጋር ወደ 158 ኪሎ ሊጥ ይሆናል። ይህ በ110 ሲቆረጥ 1,436 ዳቦ፣ በ116 ሲቆረጥ 1,362 ዳቦ ነው። ልዩነቱ 74። ሰውየው ይህን ቁጥር ጽፎ አንድም የወቀሳ ቃል አልጨመረም፤ ባይጨምርም ግን ሳናውቀው በየኩንታሉ 74 ዳቦ ከጎረቤቶቻችን ወስደናል ማለት ነው። የ8ኛውን ስድብ ችዬ ነበር፤ የ9ኛውን ቁጥር ግን ሌሊት እንደገና ቆጠርኩት።

10ኛው በዚያው ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አከለ። ዳቦ ትኩስ ሳለ መመዘን የለበትም፤ እንፋሎቱ እስኪወጣ ገና ይቀንሳል። ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አንድ በአንድ ሳይሆን አሥር አሥሩን አንድ ላይ መዝኖ ለአሥር ማካፈል የተቆራጩን እጅ ስሕተት ያሳያል። አሁን እንዲህ እናደርጋለን።

11ኛዋ ከደጀን የጻፉ እናት ናቸው። በጣም በትሕትና፣ ልጄ እያሉ፣ የምስሩ ሽፍንና የሥጋው ሽፍን በአንድ ትሪ ይጋገራል ወይ ብለው ጠየቁ። እውነቱን ተናገርኩ፦ ትሪው ይታጠባል፣ ግን ያው አንድ ትሪ ነው። 12ኛው ይህን ሲያይ ተነሣብኝ። ረቡዕና ዓርብ ሰውን ሳያውቀው ጾም የሚያስገድፍ ዳቦ ቤት ከግራም ሌባ ይብሳል አለ። 13ኛው ደግሞ 12ኛውን ይዞ ወረደበት፤ ስለ ትሪ የሚጨነቅ ሰው በጾም ቀን ምላሱን መቼ እንዳጠበ ይንገረን ብሎ ሌላም ሌላም ጨመረ። የቀረውን አወያዩ ስላነሳው እኔም አልደግመውም።

ያን እሳት ያበረደችው 14ኛዋ ናት። ከዳንግላ የጻፈች ሙስሊም ሴት ናት። እናቷ ለዓመታት ከክርስቲያን ጎረቤታቸው የምስር ሳምቡሳ ሲገዙ እንደኖሩ አወጋች። ሥጋ ያለበትን አይገዙም ነበር፤ የእርዱ ነገር አለና። ምስሩ ላይ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ጾመኛውም ሙስሊሙም ከአንድ ሳህን ያነሣል። ስለዚህ ሥጋውን ብተወው የሚጎድልብኝ ገዢ ጥቂት፣ የሚጨመርልኝ ብዙ እንደሆነ መከረችኝ። እስከዚያ ቀን የሥጋውን ሽፍን የሙያዬ ማሳያ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ተውኩት። አልጸጸተኝም፤ ሥጋው ከሁሉ መሙያ ውድ፣ ለማደርም የማይመች ነበርና። 15ኛው አወያዩ ነው፤ ወደ ዳቦው እንድንመለስ አሳሰበ።

ተመለስን፤ ግን በጾሙ በኩል። 16ኛው ሞጣ ውስጥ ሻይ ቤት ያለው ሰው ነው፤ የምክሩን ጥራት ወደድኩለት። በዐቢይ ጾም የሚጾመው ሰው ከቅዳሜና እሑድ በቀር ጠዋት አይበላም። ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተለመደውን ያህል ዳቦ አውጥቶ መደርደር ዳቦን ለመድረቅ መቅጠር ነው። በእነዚያ ቀናት የጠዋቱን መጋገር በግማሽ ቀንሶ፣ ሁለተኛውን ዙር 9 ሰዓት ላይ ከምስር ሽፍን ጋር ትኩስ ማድረስ ያዋጣል፤ የሻይ ቤቱ ሽያጭ ያስተማረው ይህንኑ ነው። በፍልሰታም እንዲሁ። እኛ ሦስት ሁዳዴ አሳልፈን ይህን አላስተዋልንም ነበር። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ሽያጭ ወደቀ እያልን እናዝናለን እንጂ ሰዓቱን ማዛወር በልባችን አልመጣም።

17ኛው ባሕር ዳሬ ነው፣ መቼም አይቀርም። የማርቆስ ዳቦ እንደ ድንጋይ እንደሆነ፣ የባሕር ዳር ዳቦ ግን ከጣና አየር የተነሣ እንደ ጥጥ እንደሚነሣ አስረዳን። 18ኛዋ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ነኝ ብላ አረመችው። ጣና ምንም አላደረገም። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ በቀላሉ ይነፋል፤ ስለዚህ እንዲያውም ማርቆስ ላይ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ማለት ነበረበት። የሚያዘገየው የሌሊቱ ብርድ ነው። ሁለቱ ስለሚጋጩ ሰው እርሾ ይጨምራል፤ ቤቱ ሲሞቅ ደግሞ ያ ሁሉ እርሾ በአንድ ጊዜ ይነሣና ዳቦው ተነፍቶ ይወድቃል። መፍትሔው እርሾ መቀነስ፣ ማቡኪያውን ውኃ ለብ ማድረግ፣ ሊጡን ከምድጃው አጠገብ ማሳደር ነው። ስለ ምስሩም ጽፋለች፦ እኛ ጋ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ድፍን ምስር አልበስል ይላል። ሌሊቱን ነክሮ ማሳደር እንጨትም ሰዓትም ያተርፋል። ከበሰለ በኋላ ግን በደንብ ይጠንፈፍ፤ በሽፍን ውስጥ የቀረ ውኃ እንፋሎት ሆኖ ጠርዙን ይፈታዋል። ያ የሚፈነዳብኝ ነገር ይህ ኖሯል! እኔ ሹካዬን ስወቅስ ነበር። 19ኛው እንደገና ባሕር ዳሬው ነው፤ ሳይንሱን ተቀብሎ ጥጡን አልተወም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከእጄ ወጣ። 20ኛው ፉርኖ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ እንደመጣ፣ በዚያ ቋንቋ ምድጃ ማለት እንደሆነ፣ እኛ ግን ለዱቄቱና ለዳቦው እንደሰጠነው ጻፈ። 21ኛው አልተሸነፈም፤ ሳምቡሳም ከፋርስ ሳንቦሳግ ከሚለው ተነሥቶ በዐረብ ነጋዴዎች በኩል እንደደረሰን፣ ስለዚህ ሽፍን የሚለው ስም ብቻ የሰፈራችን ንብረት እንደሆነ በኩራት አሳወቀ። 22ኛው የቡሄን ሙልሙል አነሣ። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ካበሩ በኋላ በማግሥቱ ሆያ ሆዬ እያሉ ሲዞሩ፣ እናቱ የልጆቹን ራስ በመስኮት ቆጥራ በልኩ ሙልሙል ታዘጋጅ ነበር፤ አንድ ልጅ ተደብቆ ቀርቶ ኋላ ብቅ ቢል ከራሷ ልጅ ድርሻ ቆርሳ ትሰጠዋለች። ያ የተቆረሰበት ልጅ እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ አልረሳውም። 23ኛው አወያዩ ነበር፤ እሱም ሊያርመን መጥቶ የኮባ ቅጠል ሳይነጠፍበት የተጋገረ ድፎ ድፎ አይባልም ብሎ ሄደ።

24ኛው ላይ ቆምኩ። ስም የሌለው ሰው ነው። የሽፍኑን ትርፍ የሚያሰሉ ሰዎች እጅ ማስላት እንደረሱ ጻፈ። ምስሩን ማታ የሚለቅም፣ ሽንኩርቱን የሚከትፍ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ ቁጭ ብሎ ጠርዝ የሚጫን ሰው እንዳለ፣ ያ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት መስኮት እንደሚከፍት አሰበ። ምድጃው በስተ ግራ ጥጉ ላይ እንደሚያቃጥል፣ ሽፍኑ እዚያ ሲገባ አንድ ረድፍ እንደሚጠቁርም ጠቀሰ። በመጨረሻ ኅብስት ለምኖ የበላ ሰው የኅብስትን ሚዛን አውቆ አያጎድልም ብሎ ለ8ኛው መለሰለት። እኔ ስለ ግራ ጥጉ ለማንም አልጻፍኩም። ዳቦን ኅብስት ብሎ፣ እሱንም በብዙኃኑ ኀ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በዚህ ክር ላይ ሌላ አይኖርም። ባለቤቴ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ የለመነ ነው። ዛሬም ተማሪ ከመስኮታችን ፊት ሲቆም ዳቦ የሚያወጣው እሱ ራሱ ነው፣ ለእኔ አይተውም። ከሌላው ክፍል ሆኖ እንደጻፈው ገባኝ። አልተጣራሁም። ከመልሱ ሥር የድጋፍ ምልክት አድርጌ ስልኩን አስቀመጥኩ።

25ኛዋ ከቢቸና ናቸው። ከባላቸው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ዳቦ ቤት ይዘው ቆይተው ዘግተዋል። የዘጋቸው ዱቄትም መብራትም አይደለም፤ የዱቤ ደብተር ነው። ባላቸው ሰው እምቢ ማለት አይችሉም ነበር። እርሳቸው ይጽፋሉ፣ ባላቸው ይሰጣሉ፤ የወር ደመወዝተኛው በወሩ መጨረሻ ይከፍላል፣ ገበሬው ምርት ሲደርስ፣ አንዳንዱ ደግሞ መንገዱን ቀይሮ ከሌላ ዳቦ ቤት በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። ያበደሩት ሰው ገንዘባቸውንም ገበያቸውንም ይዞ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ተማሩ። ስለ ሽፍኑ የሰጡት ምክር አንድ ነው፦ ዳቦ በዱቤ ከሰጠሽ ሽፍን በዱቤ አትስጪ፤ የተራበ ዳቦ ይበላል፣ ሽፍን ያማረው ግን ገንዘብ ይዞ ይምጣ። ደብተሩ አሁንም ሣጥናቸው ውስጥ እንዳለ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከባለዕዳዎቹ አንዱ ለተዝካሩ በግ ይዞ እንደመጣ ጻፉ። ለዚህ ማንም መልስ አልሰጠም፤ እኔም ምን ብዬ እንደምመልስ አጣሁ።

26ኛው ሒሳብ ሠሪ ነው፤ አነጋገሩ ቀዝቃዛ። በቀን ስንት ሽፍን እንደምሠራ ቀድሞ ጠይቆኝ 200 ብዬው ነበር። አንዱን ለመዳመጥ፣ ለመሙላትና ለመጫን አንድ ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ 300 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ነው። ለዚያ 5 ሰዓት ሰው ቀጥሬ ብከፍል ትርፉ ይቀራል ወይ አለኝ። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ትርፉ ዜሮ አልሆነም፤ ከግማሽ በታች ግን ወረደ። ደጁን የሚያቆየው ሽፍን ነው ብዬ የፎከርኩበት ግማሹ የእኔ እንቅልፍ ኖሯል። ባለቤቴ ምድጃውን ይሻማል እያለ ሲያጉረመርም የነበረው ስለ ምድጃው ብቻ እንዳልሆነም ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ባለቤቴ ነገሩን ፊት ለፊት ቢለኝ ምን ነበረበት? ግን ጎጃሜ ነው፤ ቅኔ ቤት ያደገ ደግሞ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን ራስህ ፈልግ ይላል።

27ኛው 26ኛውን አበሻቀጠው። የቤተሰብ ጉልበት በደመወዝ ቢሰላ በዚህ አገር አንድም ሱቅ ክፍት ሆኖ አያድርም፤ ይህ የቢሮ ወንበር ሒሳብ ነው አለ። 28ኛው ራሱ 26ኛው ነው። በቢሮ ወንበር ላይ እንዳልሆነ፣ እናቱ ጉልት ላይ ተቀምጣ እንዳሳደገችው፣ የእርሷን ሰዓት ማንም ስላላሰላ አሁን የእርሷን ጀርባ ሐኪም እያሰላው እንደሆነ መለሰ። 27ኛው ዝም አለ።

29ኛውና 30ኛው የዘይት ክርክር ነበር፤ ቶሎ ልለፈው። አንዱ የሚረጋው ዘይት ሊጡን ስስና ፍርክስክስ ያደርገዋል ይላል፣ እውነት ነው። ሌላው በማርቆስ ብርድ ሽፍኑ ሲቀዘቅዝ ያ ዘይት ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይጋገራል ይላል፣ እሱም እውነት ነው። ኑግ ዘይት ይሻላል ያለም ነበር፤ መዓዛው ግን ምስሩን ይውጠዋል። እኔ ሁለቱን ቀላቅዬ ሞክሬአለሁ፤ ትኩሱን ለሚበላ ጥሩ፣ ወደ ቤት ለሚወስድ ግን ገና ነው።

እስካሁን ያደረግነውን ለምትጠይቁኝ፦ ሊጡ በ116 ግራም ይቆረጣል። የሥጋው ሽፍን ቀርቷል። የሰፈር ልጅ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ያህል እየመጣች ትዳምጣለች፣ እኔ እሞላለሁ፤ ከ200 ወደ 140 ወርደናል፣ ዋጋውም ትንሽ ወጥቷል። ምስሩ ነክሮ ያድራል፣ ተጠንፍፎ ይውላል። ባለቤቴ በግራ ጥጉ በኩል አንድ ጡብ አቁሞበታል፤ ለምን እንዳቆመው አልነገረኝም፣ እኔም 24ኛውን እንዳነበብኩ አልነገርኩትም።

31ኛው ትናንት ማታ ገባ። ማርቆስ እንደሚኖር፣ ክሩን ሙሉ እንዳላነበበ፣ ቅዳሜ ሽፍኑ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ብቻ ማወቅ እንደሚፈልግ ጻፈ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ብዬ መጻፍ ስጀምር ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ያነብ ነበር። አራት ተኩል በይው አለኝ፤ ቅዳሜ ድፎ ይቀድማል።